የድባቴን መድኃኒት የመተው ጥበብ

ስለ መድኃኒት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ አጀማመሩ ነው። በቀን ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚገኝ ይጠየቃል፤ ይመለሳልም። የሚተውበት ቀን ሲደርስ እንዴት እንደሚተው ግን የሚጠይቅም የሚመልስም እምብዛም የለም። ለሰባት ቀን ለታዘዘ መድኃኒት ይህ ዝምታ ብዙ ጉዳት አያመጣም፤ ፍሬው ሲያልቅ ሕክምናውም አብሮ ያልቃል። ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት የሚወሰደው የድባቴ መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። አገባቡ ሥርዓት እንዳለው ሁሉ አወጣጡም ሥርዓት አለው። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ አወጣጥ ነው።

በመጀመሪያ ድባቴ ምን እንደ ሆነ እንስማማ። የወዳጅ ሞት ወይም የፈተና ውድቀት የሚያመጣው ኀዘን ሁሉ ድባቴ አይባልም። ኀዘን ለሰው ልጅ የተሰጠ ነው፤ ይመጣል፤ ይሄዳል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይለቅ የሚቆየውን የመንፈስ መጨለም ነው። እንቅልፍ ይነሣል ወይም ያለ ልክ ያበዛል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ትናንት ያስደስት የነበረው ሁሉ ዛሬ ጣዕም ያጣል፤ መጽሐፍ ተዘርግቶ አይነበብም፤ ሥራ ተጀምሮ አያልቅም። ከጠናም ሰውን በገዛ ሕይወቱ ላይ እስከ ማስጨከን ይደርሳል። ደግነቱ የሚታከም በሽታ ነው። በአገራችን ለዚህ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን የታወቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት በሌለባቸው ጤና ተቋማት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ የጠቀሳቸው እነዚህኑ ሁለቱን ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሣል። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአርባ ምንጭ ሥራ አገኘ እንበል። ሴቻ ላይ ቤት ተከራየ፤ ወደ ሲቀላ እየወረደ ይገበያል፤ ሲመሽ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የተጋደመውን የእግዜር ድልድይ ቁልቁል ይመለከታል። አገሩ ውብ ነው፤ ውበት ግን ድባቴን አይከለክልም። ወጣቱ ታመመ፤ ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ በቀን 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን ታዘዘለት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ ሳያይ ቆየ፤ በሁለተኛው ወር እንቅልፉ ተመለሰ፤ በአራተኛው ወር ከጓደኞቹ ጋር መሳቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጧት «እኔ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መድኃኒቱን ጣለው።

ለምን ጣለው ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይሆንም። አንደኛው ጤናው ራሱ ነው፤ የዳነ ሰው መድኃኒቱን ውለታ ቢስ ሆኖ ይረሳዋል። ሁለተኛው እፍረት ነው፤ አብሮት የሚያድር ጓደኛው ሣጥኑን አይቶ «የእብድ መድኃኒት» እንዳይለው ይሰጋል። ሦስተኛው የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ አፍ ይደርቃል፤ ሆድ ይታወካል፤ ለሐኪም እንኳ ለመናገር የሚያሳፍር የመኝታ ቤት ችግርም ይመጣል። አራተኛው መድኃኒቱ ማለቁ ነው። ለሥራ ወደ ቦንኬ፣ ወደ ካምባ ወይም ወደ ዲታ ወረዳ የተላከ ሰው ለአንድ ወር የያዘው ፍሬ በመንገድ ላይ ያልቅበታል። ተማሪውም እንደዚሁ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመውና በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ አራቱም ማዕዘን ተማሪዎችን ይሰበስባል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም ወደየአገሩ ይበተናል። ካርዱ ከሆስፒታሉ ይቀራል፤ ተማሪው ይሄዳል፤ ሕክምናውም መንገድ ላይ ይቋረጣል።

ከተቋረጠ በኋላስ ምን ይሆናል? ብዙ ሰዎች ምንም አይሆኑም። ሌሎች ግን ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀኖች ውስጥ እንግዳ ሕመም ይሰማቸዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት ድካምና የሰውነት ቁርጥማት ይመጣል፤ ራስ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያልባል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ የመጣውም እንቅልፍ በሚያስደነግጥ ሕልም ይሞላል። ያለ ምክንያት ያስቆጣል ወይም ያስለቅሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ዓይንን ወደ ጎን ሲያዞሩ በጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ንዝረት ነው። ይህን ንዝረት ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ሰው አእምሮውን ሊስት የተቃረበ ይመስለዋል። አይደለም፤ መድኃኒቱን ባቋረጡ ብዙ ሰዎች ላይ የታየና የታወቀ ምልክት ነው።

ምክንያቱን በቀላሉ ለማስረዳት ይቻላል። መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት በሚያመላልሱት፣ ሴሮቶኒንን በመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች ላይ ነው። መድኃኒቱ ለወራት ሲወሰድ አንጎል ራሱን ከእርሱ ጋር አስማምቶ ይኖራል። ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ዘንበል ብሎ ይሄዳል፤ ሸክሙን ሳይነግሩት ከኋላው ቢያነሡለት ይንገዳገዳል። የተንገዳገደው ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰውነቱ ቀና ለማለት ጊዜ ስላላገኘ ነው። ከሰውነት ቶሎ የሚወጡት እንደ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ያሉት መድኃኒቶች ይበልጥ ያንገዳግዳሉ። ፍሉኦክሰቲን ግን ተሟጦ እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅበት አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፤ ሆኖም ሕመሙ ዘግይቶ፣ ሰውየው መድኃኒቱን ከረሳው በኋላ፣ ሊመጣበት ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ለራስ ምታትና ለነርቭ ሕመምም ስለሚታዘዝ፣ የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ሳያውቁ የሚወስዱት ሰዎች አሉ፤ ይህ ምክር እነርሱንም ይመለከታል።

ነገሩ ለሕክምና ዓለም አዲስ አይደለም። የስዊስ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያስታግሥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ሕመም በሐኪሞች ተጽፎ ነበር። ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈቅዶ መድኃኒቶቹ በዓለም ላይ ከተስፋፉ በኋላም ሕመሙ ቀላልና አጭር ነው ሲባል ለብዙ ጊዜ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ አቋሙን አሻሽሎ፣ ሕመሙ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድና ረጅም ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ።

የስንት ሰው ችግር ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 የጀርመን ተመራማሪዎች ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 79 ጥናቶች አሰባስበው መርምረው ነበር። መድኃኒቱን ካቋረጡት ከመቶው 31 ያህሉ ቢያንስ አንድ ምልክት ታይቶባቸዋል። ነገር ግን መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ፍሬ ሲውጡ ቆይተው ካቋረጡት መካከልም ከመቶው 17 ያህሉ ተመሳሳይ ነገር ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ በእርግጥ ከመድኃኒቱ የመጣው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዎች በአንዱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከባድ የሆነባቸው ደግሞ ከመቶው 3 ያህሉ ናቸው። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ በመሆናቸው፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባዋል። ከቁጥሩ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ የሚፈራውን ያህል ሁሉን የሚይዝ ሕመም አይደለም፤ «ያንተ ስሜት ብቻ ነው» ተብሎ የሚናቅም አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው «እንግዲያው መድኃኒቱ ሱስ ነው» የሚለው ነው። ሱስ ያለበት ሰው ነገሩን ይናፍቃል፤ መጠኑን በየጊዜው ይጨምራል፤ እርሱን ለማግኘት ሥራውንና ቤቱን ይበድላል። የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ አይሆንም። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዷል፤ ልቡ ግን አልተገዛለትም።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ አደገኛ ነው። መድኃኒቱን ያቋረጠው ወጣት በሦስተኛው ቀን ሲያለቅስና እንቅልፍ ሲያጣ «በሽታዬ አገረሸ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን የምድን ሰው አይደለሁም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱን ለመለየት ግን መንገድ አለ። የማቋረጥ ሕመም በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ያገረሸ ድባቴ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይመለሳል። የማቋረጥ ሕመም ቀድሞ በድባቴው ጊዜ ያልነበሩትን ማዞርን፣ ማቅለሽለሽንና የኤሌክትሪክ ንዝረትን ይዞ ይመጣል፤ ያገረሸ ድባቴ ግን የቀድሞውን ፊት ይዞ ይመለሳል። መድኃኒቱ እንደገና ቢጀመር የመጀመሪያው በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ ሁለተኛው እንደ ቀድሞው ሳምንታት ይጠይቃል። ያም ሆኖ ማገርሸት የለም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከል ከቀጠሉት ከመቶው 39፣ ከተዉት ደግሞ ከመቶው 56 በአንድ ዓመት ውስጥ ድባቴው ተመልሶባቸዋል። መተው እንግዲህ ታስቦበትና ከሐኪም ጋር ተመክሮበት የሚደረግ ነገር ነው።

ለአርባ ምንጭና ለቆላው ጋሞ ነዋሪ ደግሞ ሌላ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ወባ አይጠፋባትም። ብርድ ብርድ ማለት፣ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ቁርጥማት የወባም ምልክቶች ናቸው። መድኃኒቱን በዚያው ሰሞን ያቋረጠ ሰው ወባውን «የማቋረጥ ሕመም ነው» ብሎ ቢተኛበት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ትኩሳት ያለበት ሰው አይገምት፤ ሳይውል ሳያድር ደሙን ያስመርምር። ወባ ከተገኘበትም የሚወስደውን የድባቴ መድኃኒት ስም ለሐኪሙ ይንገር። በተለይ የወባው መድኃኒት ኮአርተም ከአሚትሪፕቲሊንና ከኢሚፕራሚን ጋር ሲወሰድ ጥንቃቄ ያሻዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ በደንብ መተው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። ከላይ የጠቀስነው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል፣ ከዚያም ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ይመክራል። በአራተኛው ወር የጣለው ወጣት እንግዲህ የቸኮለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ ተወው፤ ሲተወውም በአንድ ቀን ተወው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ለዓመታት ለወሰደ ሰው 4 ሳምንት ላይበቃው ይችላል፤ ወራት የሚፈጅበትም አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ያህል እየቀነሱ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ጥናት ያስተማረን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። መጠኑን በግማሽ ስንቀንስ በአንጎል ላይ ያለው ሥራ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ከፍተኛው መጠን ላይ ብዙ ቢቀነስ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ዝቅተኛው ላይ ጥቂት ቢቀነስ የሚሰማው ብዙ ነው። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ በዶርዜ በኩል ሲወርዱ ቁልቁለቱ ከላይ ነው፤ ሐይቁ ዳር ከተደረሰ በኋላ ያለው ሜዳ ነው። የዚህ መድኃኒት መንገድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሜዳው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ከታች ነው። ስለዚህ «ግማሹን ያለ ችግር ቀነስኩ፤ የቀረውንም ዛሬ ልጣለው» የሚል ሰው የሚወድቀው እዚያው መጨረሻው ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ከመጀመሪያዎቹ ያነሱና የዘገዩ መሆን አለባቸው።

አቀናነሱን የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የተወሰደበት ዘመንና የሰውየው ጤና ስለ ሆነ፣ ልኩን ከጋዜጣም ከጓደኛም መቀበል አይገባም፤ ያዘዘው ሐኪም ወይም የሥነ አእምሮ ነርስ ይወስን። ቅሉን በገዛ እጅ ከፍቶ ዱቄቱን መከፋፈል ወይም ቀን እየዘለሉ መዋጥ ያለ ምክር የሚደረግ አይደለም። ቀን መዝለል ቶሎ ለሚወጡት መድኃኒቶች አንድ ቀን ጥጋብ፣ አንድ ቀን ረኀብ ማለት ነው። በአንዱ ደረጃ ላይ ሕመሙ ከበረታ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ ጥቂት መሰንበትና እንደገና በዝግታ መሞከር ይቻላል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና።

በየቀኑ የሚደረገውስ ምንድን ነው? መጀመሪያ ጊዜውን መምረጥ ነው። የፈተና ሰሞን፣ የዝውውር ሳምንት፣ የለቅሶ ወር ለዚህ አይመቹም። ሁለተኛ አንድ ደብተር ይዞ ቀኑን፣ መጠኑንና የተሰማውን በአጭሩ መጻፍ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ለሐኪሙ ከመቶ ቃል ይልቅ ያ ደብተር ይናገራል። ሦስተኛ የመተኛና የመነሻ ሰዓት አለመለዋወጥ፤ ከቀትር በኋላ ቡና አለማብዛት፤ ጫትን፣ አረቄንና ቦርዴን በዚህ ወቅት ጨርሶ መተው ነው። ጧት ፀሐይ ሳትከር በእግር መንሸራሸር ለእንቅልፍም ለመንፈስም ይረዳል። የሚያቅለሸልሸው ሰው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፤ የአርባ ምንጭ ሙዝ ለዚህ ምቹ ነው። ራሱን የሚያዞረው ሰው ከአልጋው ቀስ ብሎ ይነሣ፤ እስኪሻለው ድረስም በሞተር ሳይክል ወደ ቀበሌ አይውረድ። ለመንገድ የሚነሣ ሁሉ መድኃኒቱን ከጉዞው ከአንድ ሳምንት በፊት ይቁጠር፤ የሚቆይ ከሆነም ለሚሄድበት ጤና ተቋም የሪፈር ወረቀት ይጠይቅ። የሚጾም ሰው ሐኪሙን ቢያማክር የመዋጫው ሰዓት ሊዛወርለት ይችላል፤ ሰዓቱን ማዛወር ሲቻል መድኃኒቱን መዝለል አያስፈልግም።

ስለ ጸሎትና ስለ ጸበልም ዝም ብለን አናልፍም፤ በጋሞ አገር ብዙ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ጸሎት ቤት ነውና። ጸሎት ለታመመ መንፈስ ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላውም ነገር የለም። የሚጎዳው «እምነት ካለህ ፍሬውን ዛሬ ጣል» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ እንደዚህ ላለው መካሪ ጸሎቱን ተቀብሎ መድኃኒቱን በሐኪም ቀጠሮ እንደሚተው በትሕትና መመለስ ይቻላል። የሽፈራው ቅጠልም እንደዚሁ ነው፤ በምግብነቱ የተመሰገነ ነው፤ የድባቴ መድኃኒት ምትክ ግን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ብቻን አለመሆን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀ ሰውም መተዉን የሚያይለት አይገኝም። የጋሞ ሕዝብ ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው በዱቡሻ ተቀምጦ፣ ሁሉም በተራው ተናግሮ፣ እስኪስማማ ድረስ ይመክራል እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ቆርጦ አይነሣም። ይህንም ጉዳይ እንዲሁ እናድርገው። አንድ የታመነ ወዳጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ቀኑን ይወቅ። የሚወቀውም ሰው «ጠንከር በል» በማለት ፈንታ «ዛሬ እንቅልፍ ወሰደህ ወይ? ምግብ በላህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎችም አብሮን በሚኖር ሰው ሻንጣ ውስጥ የመድኃኒት ሣጥን ብናይ ስም ከማውጣት እንቆጠብ፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን በአንድ ቀን የሚጥለው ከበሽታው ይልቅ ከእኛ ምላስ ሸሽቶ ነውና።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። መድኃኒቱን በመቀነስ ላይ ያለ ወይም የተወ ሰው የመሞት ሐሳብ ከመጣበት፣ እንቅልፍ ሳያስፈልገው ቀንና ሌሊት ከተሯሯጠ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ቀጠሮውን አይጠብቅ። ወዳጁ ይዞት ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይሂድ፤ እስከዚያም ብቻውን አይተወው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ የምታስብ እኅታችንም ፈርታ በድንገት ከማቋረጧ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

እንግዲህ ነገ ጧት ሣጥኑን ወደ ቆሻሻ ሊጥል ያሰበ ወጣት ይህን ካነበበ፣ ሣጥኑን ወደ ኪሱ መልሶ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ «መተው እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልተው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ሐኪሙም በበኩሉ መድኃኒቱን ባዘዘበት ዕለት አወጣጡን ጭምር ቢነግረው፣ ብዙ የሌሊት ድንጋጤ ባልኖረም ነበር።